«ኢትዮጵያውያን» 48 ባይት ነው፦ በሲ ፕሮግራም ውስጥ ትንንሽ ነገሮች ራም እንዴት እንደሚበሉ

«ኢትዮጵያዊ» የሚለውን ቃል በሲ ፕሮግራም ውስጥ ለብቻው ማሎክ አድርጋችሁ (ማሎክ ከራም ላይ ቦታ የሚጠይቀው ፋንክሽን ነው) ብታስቀምጡት ከራማችሁ ላይ 32 ባይት ይሄዳል። «ኢትዮጵያውያን» ካላችሁ 48 ይሄዳል። የሁለቱ ቃላት ልዩነት ሁለት ፊደል ነው። ፊደላት ኮምፒውተር ላይ በሚጻፉበት በዩቲኤፍ-8 ሥርዓት አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ ልዩነቱ 6 ባይት መሆን ነበረበት። ታዲያ 16 ባይቱ ከየት መጣ?

ሒሳቡ ቀላል ነው። ስድስት ፊደል 18 ባይት ነው፣ መጨረሻ ላይ የምትቀመጠው ዜሮ ስትጨመር 19። ስምንት ፊደል ደግሞ 24፣ ከዜሮዋ ጋር 25። ሊኑክስ ላይ ማሎክን የሚያቀርበው ጂሊብሲ የሚባለው ላይብረሪ ነው። እሱ በእያንዳንዱ በሚሰጣችሁ ቁራጭ ፊት የራሱን 8 ባይት ማስታወሻ ይጽፋል፤ ቁራጩ ስንት ባይት እንደሆነ ፍሪ ሲደረግ (ሲመለስለት) የሚያውቀው በዚያ ነው። ከዚያ ድምሩን ወደ ላይኛው የ16 ብዜት ያስጠጋዋል። በ64 ቢት ማሽን ላይ ከ32 ያነሰ ቁራጭ ደግሞ ጭራሽ አይሰጥም። ስለዚህ 19 ሲደመር 8፣ 27 ይሆንና 32 ይገባል። 25 ሲደመር 8 ግን 33 ነው። በአንዲት ባይት 32ን አለፈ፣ በቃ 48 ሆነ።

አንድ ባይት ብቻ ብትጠይቁትም 32 ነው። «አዳማ» ከነዜሮዋ 10 ባይት ናት፣ እሷም 32። ማመን ካስቸገራችሁ ማሎክ የመለሰላችሁን ፖይንተር (የቦታውን አድራሻ) ለ«ማሎክ ዩዘብል ሳይዝ» ፋንክሽን ስጡት። ለመጀመሪያው ቃል 24፣ ለሁለተኛው 40 ይላችኋል። ማስታወሻው 8 ሲጨመርበት 32 እና 48 ማለት ነው።

ለአንድ ቃል ሲሆን ማንም አይጨነቅም። ነገሩ የሚከፋው ቃላቱ ሚሊዮን ሲሆኑ ነው፤ የአማርኛ ጽሑፍ የሚያነብ፣ የሚቆጥር ወይም የሚያርም ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ደግሞ ሚሊዮን ላይ ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም።

አዳማ ላይ ይህን የመሰለ ሥራ የሚሞክሩ ልጆች ጥቂት አይደሉም። ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው እዚሁ ስላለ ሲ የሚማር፣ ሲ የሚያስተምር፣ ሲ የሚያርም ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም፤ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ በረድ ሲል ፖስታ ቤት አካባቢ ካሉት ካፌዎች አንዱ ውስጥ ብትገቡ ላፕቶፕ ከፍቶ ጥቁር ስክሪን ላይ ያፈጠጠ ልጅ አታጡም። ላፕቶፑ ብዙ ጊዜ ያገለገለ ነው። ራሙ 4 ጊጋ ነው፣ ከዚያ ላይ ብራውዘሩ ድርሻውን ወስዷል። ለነዚህ ልጆች «ራም ርካሽ ነው፣ አትጨነቁ» የሚለው ምክር አይሠራም። በሌላ ገበያ፣ በሌላ ገንዘብ የተሰጠ ምክር ነው።

ገንዘቡን ካነሳን አይቀር፦ ብር በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ 22 በገበያ እንዲመራ ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር ገደማ ነበር። ዛሬ ከእጥፍ በላይ ሄዷል። ከውጭ የሚከራይ ሰርቨር ደግሞ በዶላር ነው የሚከፈለው፣ ኪራዩም ራሙ ባደገ ቁጥር ያድጋል። በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ተሰቅሏል፤ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚገነቡት ዳታ ሴንተሮች የፋብሪካዎቹን ምርት እየወሰዱት ነው። አንድ ጊጋ ራም ባለው ሰርቨር ላይ ሊሠራ የሚችል ፕሮግራም በዝርክርክነት ብቻ ሁለት ጊጋ ከጠየቀ፣ ልዩነቱን በየወሩ የሚከፍለው ፕሮግራሙን የጻፈው ልጅ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ቃላትን የሚቆጥር ፕሮግራም ውሰዱ። ትምህርት ቤት በተማርነው መንገድ ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ኖድ (የቃሉን መረጃ የሚይዝ ሳጥን) ይኖረዋል፤ ውስጡ ወደ ሚቀጥለው ኖድ የሚያመለክት ፖይንተር 8 ባይት፣ ወደ ቃሉ የሚያመለክት ፖይንተር 8 ባይት፣ ቃሉ ስንቴ እንደመጣ የሚይዘው ቁጥር 4 ባይት። ድምሩ 20 ነው፣ ኮምፓይለሩ ለአሰላለፍ 4 ባዶ ባይት ጨምሮ 24 ያደርገዋል። ለኖዱ አንድ ማሎክ፣ ለቃሉ ሌላ ማሎክ። ቃሉ አራት ፊደል ነው እንበል፣ «ደብዳቤ»። ከነዜሮው 13 ባይት። ኖዱ 32 ወሰደ፣ ቃሉ 32 ወሰደ። ለአንድ ቃል 64 ባይት። ለአንድ ሚሊዮን የተለያዩ ቃላት 64 ሚሊዮን ባይት፣ ሁለት ሚሊዮን የማሎክ ጥሪ።

ከዚህ ውስጥ በእርግጥ የእኛ የሆነው ስንት ነው? ቃሉ 13፣ ቁጥሩ 4። አሥራ ሰባት ባይት። የቀረው 47 ባይት ፖይንተር፣ ማስታወሻና ባዶ ቦታ ነው። ገበያ ሄዶ አንድ ኩንታል ሽንኩርት አንድ አንድ ፍሬ በየፌስታሉ እያስቋጠሩ እንደመግዛት ነው፤ ቤት ስትደርሱ ከሽንኩርቱ ፌስታሉ ይበዛል።

ማሎክን ግን መውቀስ አይገባም። ማሎክ ምን እንደምትጠይቁት፣ መቼ እንደምትመልሱት፣ በየትኛው ትሬድ (ጎን ለጎን ከሚሄዱት የፕሮግራሙ ሥራዎች በየትኛው) እንደምትመልሱት አያውቅም። ምንም ስለማያውቅ ለሁሉም የሚሆን መፍትሔ ያዘጋጃል። እናንተ ግን ታውቃላችሁ። ኖዶቹ ሁሉ 24 ባይት እንደሆኑ ታውቃላችሁ። ፕሮግራሙ እስኪያልቅ አንዱም እንደማይሰረዝ ታውቃላችሁ። ለትንንሽ ነገሮች ሜሞሪ መቆጠብ ማለት ይህን እናንተ የምታውቁትን፣ ማሎክ የማያውቀውን ነገር መጠቀም ነው። ሌላ ምትሃት የለውም።

ቀላሉ እርምጃ ሁለቱን ማሎክ አንድ ማድረግ ነው። ከሲ99 ጀምሮ የስትራክቱ (የኖዱን ቅርጽ የሚገልጸው ኮድ) መጨረሻ ላይ መጠኑ ያልተጻፈ አሬይ (ድርድር) ማስቀመጥ ይፈቀዳል። ቃሉን እዚያው ኖዱ ጅራት ላይ ትጽፉታላችሁ፣ ወደ ቃሉ የሚያመለክተው ፖይንተርም አያስፈልግም። በዚህ ብቻ 64ቱ ባይት 48 ይሆናል። የማሎኩም ጥሪ በግማሽ ይቀንሳል። ከሁሉም የወደድኩት ደግሞ ፍሪ ማድረግ የሚረሳ ነገር በግማሽ መቀነሱ ነው። ይህን ያህል ለውጥ በጥቂት መስመር ኮድ ማግኘት ጥሩ ነው፣ ብዙ ጊዜም ይበቃል።

ካልበቃ ፑል ይመጣል። ፑል ማለት አንድ ትልቅ ብሎክ ከማሎክ ወስዶ ራስን ችሎ መቁረስ ነው። 64 ኪሎባይት ብትወስዱ፣ ማለትም 65,536 ባይት፣ በ24 ሲካፈል 2,730 ኖድ ይወጣዋል። 16 ባይት ይተርፋል። ትርፏ ላይ ወደ ቀድሞው ብሎክ የሚያመለክት 8 ባይት ፖይንተር ትጽፋላችሁ፣ በኋላ ሁሉንም ለመመለስ ይጠቅማል። የማሎክ ማስታወሻ አሁን ለ2,730 ኖድ አንዴ ብቻ ነው የሚጻፈው። ለሚሊዮን ኖድ ሚሊዮን ጊዜ መጥራት ቀርቶ 367 ጊዜ ትጠራላችሁ። ኖድ ሲያስፈልግ «እስከዚህ ተቆርሷል» የሚለውን ፖይንተር በ24 ማስኬድ ነው። አንድ ማነጻጸር፣ አንድ መደመር፣ አለቀ።

ኖዶቹ መሰረዝ ካለባቸውስ? እዚህ ላይ ሁልጊዜ ደስ የሚለኝ ዘዴ አለ። የተሰረዘ ኖድ ውስጡ የነበረው መረጃ ከእንግዲህ አይፈለግም። ስለዚህ ያንኑ ቦታ መጠቀም ይቻላል፤ የመጀመሪያዎቹ 8 ባይት ላይ ከሱ በፊት የተሰረዘውን ኖድ አድራሻ ትጽፋላችሁ። ይህ ፍሪ ሊስት ይባላል። የተሰረዙት ሁሉ በራሳቸው ባዶ ሆድ ውስጥ በተጻፈ አድራሻ ይያያዛሉ፣ ለዝርዝሩ አንድ ባይት ተጨማሪ ቦታ አይወጣም። አዲስ ሲፈለግ ከዝርዝሩ ራስ ላይ አንዱ ይነሳል፣ ሲሰረዝ ራስ ላይ ይቀመጣል። ቅርብ ጊዜ የተሰረዘው ቀድሞ ስለሚነሳ ደግሞ ገና ከፕሮሰሰሩ ካሽ (ፈጣኗ ትንሽ ማቆያው) ሳይወጣ ትደርሱበታላችሁ።

ካሹ ራሱን የቻለ ትርፍ ነው። ፕሮሰሰሩ ከራም ሲያነብ አንድ ባይት ነጥሎ አያመጣም፣ በተለመዱት ማሽኖች ላይ 64 ባይት በአንድ ጊዜ ይጎትታል። ኖዶቹ 24፣ 24 ባይት ሆነው ተጠጋግተው ከተቀመጡ አንዱን ሲያነብ ጎረቤቱ አብሮ ይመጣል። እዚህም እዚያም ከተበተኑ ግን በየኖዱ ራም ድረስ መሄድ ነው፣ ያ ጉዞ ደግሞ ካሽ ውስጥ ከማግኘት ጋር ሲነጻጸር በጣም ረጅም ነው። ብዙ ሰው ፑል የሚጽፈው ማሎክ ቀርፋፋ ስለሆነ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ ፍጥነቱ የሚገኘው ከማሎኩ ጥሪ ሳይሆን በኋላ መረጃውን ስታነቡ ነው።

ለቃላቱ ፊደላት ደግሞ ሌላ ብሎክ። ቃላት መጠናቸው ስለሚለያይ እዚያ ላይ ፍሪ ሊስት አይሆንም፣ ዝም ብሎ አንዱን ከአንዱ አስከትሎ መጻፍ ነው። 13 ባይት ሲጠየቅ 13 ባይት ብቻ ይሄዳል፤ የፊደል ድርድር የ16 ብዜት ላይ መጀመር የለበትም። ኖዱ 24፣ ቃሉ 13፣ ድምሩ 37። ከ64 ወረድን።

እዚህ ላይ ማቆም ይቻላል። ግን አንድ እርምጃ ቀርታለች፣ ለኔ ከሁሉም የበለጠ ዋጋ ያላት እሷ ናት። ኖዶቹ ሁሉ በአንድ አሬይ ውስጥ ካሉ 8 ባይት ፖይንተር ምን ያደርግልናል? ስንተኛው ኖድ እንደሆነ የሚናገር 4 ባይት ቁጥር ይበቃል። በ4 ባይት ከ4 ቢሊዮን በላይ ኖድ መቁጠር ይቻላል። ቃሉም ከፊደል ብሎኩ መጀመሪያ ስንተኛው ባይት ላይ እንዳለ በ4 ባይት ይጻፋል። ስለዚህ የሚቀጥለው 4፣ ቃሉ 4፣ ቁጥሩ 4። አሥራ ሁለት ባይት፣ ባዶ ቦታ የለውም። ከቃሉ 13 ጋር 25። ለአንድ ሚሊዮን ቃል 64 ሚሊዮን የነበረው 25 ሚሊዮን ሆነ። መረጃው ያው ነው፣ ፕሮግራሙም የሚሠራው ያንኑ ሥራ ነው።

ቁጥር መጠቀም ሌላም በረከት አለው። አሬዩ ሲሞላ በሪአሎክ (የተወሰደ ቦታን በሚያሳድገው ፋንክሽን) ብታሳድጉትና ሜሞሪው ቦታ ቢቀይር ፖይንተር የነበረው ሁሉ ይበላሽ ነበር፣ ቁጥር ግን አይበላሽም። ሁለቱን ብሎኮች እንዳሉ ወደ ፋይል ጽፋችሁ ነገ ፕሮግራሙ ሲነሳ እንዳሉ ማንበብም ትችላላችሁ። መብራት ሄዶ ሲመጣ መዝገበ ቃላቱን ከባዶ ከመገንባት ይገላግላል። ጉዳቱ ሪአሎክ ሲያሳድግ ለጥቂት ጊዜ አሮጌውም አዲሱም አብረው ራም ላይ ሊቀመጡ መቻላቸው ነው፤ ራሙ ጠባብ ከሆነ ይህን አስቡበት።

አንዲት የአራተኛ ዓመት ተማሪ በዚሁ ዓይነት ፕሮግራም ላይ ስትሠራ የጠየቀችኝ ጥያቄ ብዙ ሰው ዘንድ ስላለ እዚህ ልጻፈው። «ጋሼ፣ ሁሉንም ቃል ፍሪ አድርጌዋለሁ፣ ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው የቀሩት። ቶፕ ላይ ሳየው ግን ሜሞሪው ንቅንቅ አላለም። ሊክ ነው?»

ቶፕ የእያንዳንዱን ፕሮግራም የሜሞሪ ፍጆታ የሚያሳይ ትዕዛዝ ነው፤ ሊክ ደግሞ ተወስዶ ሳይመለስ የቀረ ሜሞሪ። ሊክ አልነበረም። ኮዷ ንጹህ ነው። ፍሪ ማለት ለማሎክ መመለስ ነው እንጂ ለሊኑክስ መመለስ አይደለም። ሊኑክስ ሜሞሪ የሚቆጥረው በፔጅ ነው፣ አንዱ ፔጅ ብዙውን ጊዜ 4,096 ባይት ነው። በአንድ ፔጅ ውስጥ 32 ባይት የሆኑ 128 ቁራጮች ይገባሉ። 127ቱን ፍሪ አድርጋችሁ አንዱ ከቀረ ፔጁ አይለቀቅም። ከዚያም በላይ ጂሊብሲ ትንንሽ ቁራጮችን ሲወስድ ሄፑን (ቁራጮቹ የሚወጡበትን የሜሞሪ ክልል) ወደ ላይ እያሳደገ ነው፣ ሲመልስም በራሱ ፈቃድ የሚመልሰው ከጫፉ ላይ ነው። ጫፉ ላይ አንዲት በሕይወት ያለች 32 ባይት ከተቀመጠች ከሥሯ ያለው ሁሉ ባዶ ቢሆንም ታግዶ ይቀራል። «ማሎክ ትሪም» የሚባለውን ፋንክሽን ብትጠሩ መሀል ላይ ሙሉ በሙሉ ባዶ የሆኑትን ፔጆችም ለመመለስ ይሞክራል። አንዲት ቁራጭ የቀረችበትን ፔጅ ግን እሱም ምንም አያደርገውም።

መፍትሔው አብረው የሚሞቱትን ነገሮች አብሮ ማስቀመጥ ነው። ይሄ ነው የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳቤ። ሰው ስለ ትንንሽ ነገሮች ሲያስብ መጀመሪያ የሚያየው መጠናቸውን ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ዕድሜያቸውን እዩ እላለሁ። አንድ ዶሴ ሲነበብ ተፈጥረው ንባቡ ሲያልቅ የማይፈለጉ ነገሮች የራሳቸው ብሎክ ይኑራቸው። እስከመጨረሻው የሚቆዩት ሌላ ብሎክ ይኑራቸው። ንባቡ ሲያልቅ የመጀመሪያውን ብሎክ በሙሉ በአንድ ጊዜ ትለቃላችሁ። አንድ በአንድ እየዞሩ ፍሪ ማድረግ የለም፣ የሚረሳም የለም። ይህ አሬና ይባላል።

ትልልቆቹ የሲ ፕሮግራሞች የሚሠሩት እንዲህ ነው። አፓቼ ዌብ ሰርቨር ለእያንዳንዱ ጥያቄ የራሱ ፑል አለው፣ መልሱ ከተላከ በኋላ ፑሉ ይጸዳል። ሌላው ዌብ ሰርቨር ኤንጂንኤክስም እንዲሁ። ዳታቤዙ ፖስትግሬስ «ሜሞሪ ኮንቴክስት» የሚለው ነገር አለው፣ አንድ ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የቀረበ ጥያቄ) ሲያልቅ ኮንቴክስቱ ይጣላል፣ ውስጡ ስንት ትንንሽ ነገር እንደተፈጠረ ማንም አይቆጥርም። ፓይተን ራሱ በሲ የተጻፈ ነው፣ ከ512 ባይት ለማይበልጡ ነገሮች የራሱ አሎኬተር (ሜሞሪ አዳይ) አለው፤ ለእያንዳንዱ ቁጥርና ቃል ማሎክ ቢጠራ ኖሮ አሁን ካለውም ይብስ ነበር።

የሊኑክስ ከርነልም (የሲስተሙ እምብርት) ከዚሁ አልወጣም። ጄፍ ቦንዊክ የሚባል የሰን ማይክሮሲስተምስ ኢንጂነር እ.ኤ.አ. በ1994 «ስላብ» የሚለውን አሎኬተር ለሶላሪስ ሠርቶ አሳተመ። ሐሳቡ አንድ ዓይነት ነገሮችን አንድ ላይ ማስቀመጥና የተለቀቀውን ሳያፈርሱ መልሶ መጠቀም ነው። ሊኑክስ ወስዶ አሻሻለው፤ ዛሬ የሚሠራው ስለብ የሚባለው የኋለኛው ዓይነት ነው፣ የጥንቱ ስላብ እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው 6.8 ከርነል ላይ ተወግዷል። ላፕቶፓችሁ ላይ ሊኑክስ ካለ በሩት (በአስተዳዳሪ መብት) «ስላብቶፕ» ብላችሁ ጻፉ። የትኛው ነገር ስንት ባይት እንደሆነ፣ ስንቱ ሥራ ላይ እንዳለ፣ በአንድ ስላብ ውስጥ ስንት እንደሚገባ በየሦስት ሰከንዱ እየታደሰ ይታያችኋል። ስለዚህ ጉዳይ ከመቶ ገጽ ንባብ ያ አንድ ስክሪን ይሻላል።

ይህን ሁሉ ብዬ ደግሞ ሰው ሁሉ ተነስቶ የራሱን ማሎክ ይጻፍ ማለቴ አይደለም። ግሊብ የሚባለው የግኖም ላይብረሪ ለትንንሽ ነገሮች «ጂስላይስ» የሚል አሎኬተር ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2006 አካባቢ ሲወጣ ከሲስተሙ ማሎክ ይሻል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023፣ በ2.76 እትም ላይ፣ ውስጡ ተጥሎ በቀጥታ ወደ ሲስተሙ ማሎክ እንዲዞር ተደረገ። በመካከሉ ማሎክ አድጓል። ጂሊብሲ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው እትም 2.26 ላይ ለእያንዳንዱ ትሬድ የራሱ ትንሽ ማቆያ ሰጠው፤ ሲጀመር ለየመጠኑ እስከ 7 ቁራጭ ይይዛል፣ ከዚያ ላይ ሲወሰድ ሎክ (ሌላውን ትሬድ የሚያስጠብቅ ቁልፍ) አያስፈልግም። የኔ አስተያየት ይህ ነው፦ ለማንኛውም መጠን፣ ለማንኛውም ዕድሜ የሚሆን አሎኬተር ከጻፋችሁ ሥራው ቀድሞ በደንብ ተሠርቷል፣ አትበልጡትም። ፑል የሚያዋጣው ማሎክ የማያውቀውን አንድ ነገር እናንተ ካወቃችሁ ነው።

ኮድ ሳትነኩ መሞከር የምትችሉትም አለ። ጄሰን ኢቫንስ ለፍሪቢኤስዲ የጻፈው ጄማሎክ አለ፣ ከማይክሮሶፍት ሪሰርች እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ሚማሎክ አለ። ፕሮግራሙ ሲነሳ «ኤልዲ ፕሪሎድ» በሚለው ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ማስገባት ይቻላል፣ እንደገና ኮምፓይል ማድረግ አያስፈልግም። ትሬድ የበዛበት ፕሮግራም ትንሽ ሰርቨር ላይ ካላችሁ ደግሞ ጂሊብሲ በ64 ቢት ማሽን ላይ ለአንድ ኮር እስከ 8 አሬና ሊከፍት እንደሚችል እወቁ፤ ይህ አሬና ማሎክ ራሱ ለትሬዶቹ የሚከፍተው ክልል ነው፣ ከላይ ካልነው ጋር ስም ብቻ ነው የሚጋራው። «ማሎክ አሬና ማክስ» የሚለውን ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ወደ 2 ዝቅ አድርጎ መሞከር አንዳንዴ ኮድ ከመጻፍ በላይ ራም ያስመልሳል።

የፑል ጣጣም አለ፣ መደበቅ የለበትም። የሜሞሪ ስሕተት የሚያድኑት ቫልግሪንድና አድረስ ሳኒታይዘር የሚጠብቁት ማሎክንና ፍሪን ነው። ፑላችሁ ውስጥ የተሰረዘ ኖድ መልሳችሁ ብታነቡ ለነሱ ብሎኩ አሁንም በሕይወት ስላለ ዝም ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 ሚያዝያ «ሃርትብሊድ» የተባለው የኦፕንኤስኤስኤል (የኢንተርኔት ግንኙነት የሚያመሰጥረው ላይብረሪ) ቀዳዳ ሲወጣ አንዱ የተነሳው ወቀሳ ይሄው ነበር፤ ላይብረሪው የራሱን ፍሪ ሊስት ይጠቀም ስለነበር አንዳንድ ሲስተሞች ማሎክ ውስጥ ያስቀመጡት መከላከያ ታልፏል ነው የተባለው። ስለዚህ ፑል ስትጽፉ ኮምፓይል ሲደረግ የሚከፈትና የሚዘጋ አንድ ማክሮ አስቀምጡ። ሲከፈት ፑሉ ቀርቶ እያንዳንዱ ኖድ በቀጥታ በማሎክ ይፈጠር። ስትፈትሹ በሱ ፈትሹ፣ ስትለቁት በፑሉ ልቀቁት። ይህን የማይዘልል ሰው ብዙ የሌሊት እንቅልፍ ያተርፋል።

አርዱይኖ በሚባለው ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ ላይ ፕሮጀክት ለምትሠሩ አንድ ሁለት ነገር። አርዱይኖ ኡኖ አር3 ላይ ያለው ራም 2,048 ባይት ነው። ሃያ የአማርኛ ፊደል ብቻ 60 ባይት ይወስዳል። እዚያ ላይ የማሎክ ማስታወሻ 2 ባይት ብቻ ስለሆነ ብክነቱ ያን ያህል አይደለም፣ የሚያጠፋችሁ መሰባበር ነው። የተለያየ መጠን እየተጠየቀ እየተመለሰ በድምሩ 300 ባይት ባዶ እያለ 50 ባይት የተያያዘ ቦታ ይጠፋል። የአፈር እርጥበት እየለካ ማሳ ላይ ወራት የሚቀመጥ መሣሪያ ከሆነ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ዝም ሲል የሚያስነሳው ሰው አጠገቡ የለም። እዚያ ላይ ማሎክን ተዉት። መጠኑ አስቀድሞ የታወቀ ስታቲክ አሬይ፣ እላዩ ላይ ፍሪ ሊስት። ቦታ ካለቀ እዚያው በግልጽ ይታወቃል፣ በሦስተኛው ሳምንት አይደለም።

ዳታ ስትራክቸር ለምታስተምሩ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ሊንክድ ሊስት ስናስተምር ሰሌዳ ላይ ሳጥን በቀስት እናያይዛለን። ተማሪው ሳጥኖቹ ራም ላይ የት እንደተቀመጡ አንድም ቀን ሳያይ ይመረቃል። አንድ የላብ ክፍለ ጊዜ ይበቃል። ተማሪው አሥር ኖድ በማሎክ ይፍጠርና አድራሻቸውን ያትም፤ እያንዳንዳቸው 24 ባይት ሆነው ሳለ አድራሻዎቹ በ32 ሲዘሉ ይያቸው። ከዚያ ኖዱ ላይ አንድ የ8 ባይት ፖይንተር ጨምሮ ይድገመው፤ ኮምፓይለሩ ስትራክቱን ወደ 32 ሲያሳድገው አድራሻዎቹ በ48 ይዘላሉ። ከዚያ ሦስተኛውንና ሰባተኛውን ፍሪ አድርጎ አዲስ ሁለት ይፍጠር፣ የትኛው አድራሻ ቀድሞ እንደተመለሰለት ይጻፍ። ማሽኑ ላይ ያለው አዲስ ጂሊብሲ ከሆነ ቀድሞ የሚመጣው የሰባተኛው ነው። ለምን እንደሆነ ማብራራቱን ለተማሪው ተዉለት፣ ፍሪ ሊስት የሚለውን ቃል ከማስተማራችሁ በፊት።